«ጋሼ፣ ዘንድሮ ምን አነበቡ?»

በየዓመቱ ማብቂያ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጎርፍልኛል። ካነበቧቸው መጻሕፍት የትኞቹን ወደዱ? የዘንድሮዎቹን ደብዳቤዎች የመጽሔቱ አዘጋጆች ሰብስበው ሰጡኝ። ሁሉንም መመለስ አልችልም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ የጠያቂ ስም አልጠራሁም። የውጭዎቹን መጻሕፍት ዓመተ ምሕረት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፣ የእኛዎቹን በእኛ። ያስቀየምኩት ካለ ለሚቀጥለው ዓመት ይጻፍልኝ።

ጋሼ፣ ዝርዝር አያብዙብን። አንድ ብቻ ይምረጡ ቢባሉ የቱን ይመርጣሉ?

የሜክሲኮውን የሁዋን ሩልፎን «ፔድሮ ፓራሞ»። የታተመው በ1955 ነው። አዎ፣ አሮጌ ነው። የዓመቱ ምርጥ ማለት ግን ለእኔ ዘንድሮ የታተመ ማለት አይደለም። ዘንድሮ እኔ ዘንድ ደርሶ አልሄድ ያለኝ ማለት ነው።

ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ሁዋን ፕሬሲያዶ የሚባል ልጅ እናቱ ልትሞት ስትል ቃል ታስገባዋለች። አባትህን ፈልገው፣ የነፈገንን አስከፍለው ትለዋለች። ልጁ ኮማላ ወደምትባል መንደር ይወርዳል። መንገድ ላይ አንድ አህያ ነጂ ያገኛል። ሲያወሩ የአህያ ነጂው አባትም ያው ፔድሮ ፓራሞ ሆኖ ይገኛል። መንደሩ ሲደርስ ጭር ብሏል። ድምፅ ይሰማል፣ ሰው የለም። ሰው ያገኛል፣ ያወራል፣ በኋላ ሲጠይቅ ያ ሰው ድሮ የሞተ ነው። አጋማሹ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገባችኋል። እሱን ከተናገርኩ መጽሐፉን ገደልኩት።

ቁጥር ያለው ምዕራፍ የለም። ታሪኩ የተቆራረጠ ነው። አንዱ ቁራጭ ጥቂት መስመር፣ ሌላው ብዙ ገጽ። ደራሲው አንድም ቦታ ላይ ቆሞ «አሁን ወደ ኋላ ሄደናል» አይልም። የሕያዋንና የሙታን ወሬ ይቀላቀላል። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ማን ነው አሁን የሚያወራው እያላችሁ ገጽ ትመልሳላችሁ። ታገሱት። መንደሩ ውስጥ እንደገባ እንግዳ ቀስ በቀስ ድምፆቹን መለየት ትጀምራላችሁ።

እኔን ያሸነፈኝ አንድ ቦታ ነው። ፔድሮ ፓራሞ ጨካኝ ባለመሬት ነው። መሬት ይነጥቃል፣ ሰው ያስገድላል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳት አንዲት ሴት ግን አለች፣ ሱሳና ሳን ሁዋን። እሷ ስትሞት ደወል ይደወላል። ደወሉ አላቆም ሲል ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል። የመጣው ሰው ለምን እንደተደወለ እንኳ በደንብ አያውቅም። ሐዘኑ ሳይታሰብ ፌስታ ይሆናል። ሙዚቃ፣ ጫጫታ፣ ግርግር። ፔድሮ ፓራሞ ይቀየማል። እጁን አጣምሮ ሊቀመጥና መንደሩ በራብ እንዲያልቅ ሊያደርግ ይምላል። አደረገውም። ልጁ የገባባት ባዶ መንደር እንዴት ባዶ እንደሆነች የገባን ያኔ ነው። ሩልፎ ይህን ሁሉ የሚነግረን ከአንድ ገጽ ብዙ በማይበልጥ ቦታ ነው። እኔ ብሆን ሦስት ምዕራፍ እጨርስበት ነበር።

ለምን ዘንድሮ እንደያዘኝም ልንገራችሁ። እየጻፍኩት ያለው ልብ ወለድ ወፍሮብኛል። ሁሉን ነገር ለአንባቢ ማስረዳት ያምረኛል፣ የሙያ በሽታ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሳነብ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። ይህ ደራሲ ምን ሳይናገር ተወ? የት ላይ ዝም አለ? ከታች የምጠቅሳቸውን ብዙዎቹን የወደድኳቸው በዚህ ዓይን ስላየኋቸው ነው። አንዱ ግን ተቃራኒ ነው፣ ስደርስበት እናገራለሁ።

ስለ ሩልፎ አንድ ነገር ልጨምር። ኮሎምቢያዊው ደራሲ ጋብሬል ጋርሲያ ማርኬስ ሜክሲኮ እንደገባ ወዳጁ አልቫሮ ሙቲስ ይህን መጽሐፍ አምጥቶ አንብብና ተማር እንዳለው ራሱ ጽፏል። በዚያች ሌሊት ሁለት ጊዜ አነበበው። በኋላም ሙሉውን በቃሉ እንደሚወጣው ተናግሯል። ሩልፎ ራሱ ግን ለዓመታት የጎማ ኩባንያ ሻጭ ሆኖ ሀገር ለሀገር ሲዞር ኖረ። ስሙን ያቆሙለት በዋናነት ይህና በ1953 ያወጣው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ናቸው። ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት። በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ ካላወጣሁ የሚል ደራሲ ይህን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ደስ ይለኛል።

መጻፍ የጀመርኩ ወጣት ነኝ። ዘንድሮ ካነበቡት ውስጥ ለእኔ የሚሆን የቱ ነው? ስለ አጻጻፍ ስልት የሚያስተምር ቢሆን እመርጣለሁ።

የስልት መጽሐፍ ተወው። የቶልስቶይን «የኢቫን ኢሊች ሞት» አንብብ። በ1886 የወጣ ነው፣ ቀጭን ነው። የስልት መጽሐፍ የሚያወራውን ይህ ይሠራዋል።

ርዕሱ ላይ ሰውየው ይሞታል ተብለሃል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ሞቶ ታገኘዋለህ። የፍርድ ቤት ሰዎች በእረፍት ሰዓት ተሰብስበው ሲያወሩ አንዱ ከጋዜጣ ላይ መርዶውን ያነባል። ሁሉም ደንገጥ ይላሉ። በሆዳቸው ግን ሌላ ስሌት ይዘዋል። ቦታው ለማን ይሰጣል? ማን ወደ ማን ወንበር ይዛወራል? ከዚያም ቀጥሎ ያቺ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገራት ደስታ ትመጣለች፦ የሞተው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ጓደኛው ፒዮትር ኢቫኖቪች ለቅሶ ይደርሳል። ሲገባ ማማተብ ይሁን ጎንበስ ማለት ግራ ይገባዋል። የተቀመጠባት አጭር መቀመጫ ስፕሪንጓ ተበላሽቶ ከሥሩ ታስቸግረዋለች። ሚስቲቱ እያለቀሰች፣ በባሏ ሞት ከመንግሥት ተጨማሪ ገንዘብ የሚወጣበት መንገድ እንዳለ ዘወርወር እያደረገች ትጠይቀዋለች። መንገድ እንደሌለ ሲነግራት እሱን የምታሰናብትበትን ሰበብ መፈለግ ትጀምራለች። እሱም ወጥቶ በቀጥታ ወደ ካርታ ጨዋታው ይሄዳል። አልረፈደበትም።

ልብ በል። ቶልስቶይ «እነዚህ ሰዎች ግብዞች ናቸው» የሚል አረፍተ ነገር አያስፈልገውም። ስፕሪንጓ ትበቃዋለች።

ከዚያ በኋላ ነው የሟቹን ሕይወት ከመጀመሪያው የሚተርክልህ። በሽታው የሚጀምረው አዲስ ቤት ሲያስጌጥ ነው። መጋረጃ እንዴት እንደሚሰቀል ለሠራተኛው ላሳየው ብሎ መሰላል ላይ ይወጣል። ያዳልጠዋል። ጎኑን ይመታል። ምንም አይደለም ይላል። ሐኪሞቹ በኋላ ኩላሊት ነው፣ የለም ትርፍ አንጀት ነው እያሉ ይከራከራሉ። እሱ የሚፈልገው የአንዲት ጥያቄ መልስ ነው፣ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም? እሷን ማንም አይመልስለትም። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው «ታሟል እንጂ አይሞትም» የሚል ትያትር ይሠራበታል። የማይዋሸው አገልጋዩ ጌራሲም ብቻ ነው። እግሩን ትከሻው ላይ አድርጎለት ይቀመጣል፣ እንዲያ ሲሆን ሕመሙ ቀለል ይለዋል።

አንድ ሥራ ልስጥህ። የጻፍከውን አጭር ልብ ወለድ አውጣ። መጨረሻውን ወስደህ መጀመሪያው ላይ አድርገው። አሁን አንብበው። ካነበብከው በኋላ ታሪኩ ውሃ ውሃ ካለህ፣ ሲያስኬደው የነበረው «መጨረሻው ምን ይሆን?» የሚለው ጉጉት ብቻ ነበር። ቶልስቶይ ያንን ጉጉት ገና ከበሩ ወርውሮ ይጥለዋል፣ ቢሆንም መጽሐፉን ማስቀመጥ አትችልም።

ሁልጊዜ ስለ ፈረንጅ መጽሐፍ ነው የሚያወሩት። የእኛ ደራሲዎች አይነበቡም ማለት ነው?

እርስዎ በዕድሜም እንደሚበልጡኝ ከደብዳቤው አይቻለሁ፣ ቁጣዎን በፀጋ እቀበላለሁ። ግን ቸኮሉ። ተቃራኒ ያልኩት መጽሐፍ የእኛው ነው። ዘንድሮ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና አነበብኩ። 1958 ዓ.ም. የታተመውን።

ይህ መጽሐፍ ዝም አይልም። ሁሉን ይናገራል። ይተነትናል፣ ይመክራል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ከላይ ስለ ሩልፎ ያልኩትን ሕግ በሙሉ ይጥሳል። ቢሆንም ይገርማል፣ ይይዛል።

ለምን እንደሆነ ዘንድሮ ያየሁት በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ነው። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ነው። መጽሐፉ ግን በእነሱ አይጀምርም። በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ይጀምራል። ውድነሽ ባሎቿ እየሞቱባት ወንድ የሚፈራት ሴት ናት። ቦጋለ ዕድሜው የገፋ ድሃ ነው። ይጋባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ ልጁን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡታል። ወጣት ሳለሁ ይህን ክፍል እየዘለልኩ ነበር ወደ ፍቅሩ የምሮጠው። አሁን ሳየው የመጽሐፉ ቋጠሮ እዚያ ነው ያለው። በዛብህ አፉን ሳይፈታ ሌሎች ስለ እሱ ተስለዋል። ሰብለን ሲወድ የሚጋፋው አባቷን ፊታውራሪ መሸሻን ብቻ አይደለም፣ የወላጆቹን ቃልም ነው። ይህን ደራሲው አንድ ጊዜ ነግሮን ቢያልፍ እንረሳው ነበር። ወላጆቹን አስወድዶን ስለሆነ ስለቱም ይከብደናል። እዚህ ላይ ርዝመቱ ትርፍ አይደለም።

ጉዱ ካሳን አሁንም እወደዋለሁ። ንግግሩ አንዳንድ ቦታ ስብከት ይሆናል፣ አልክድም። ዕብድ የሚሉት ሰው ከሁሉም የተሻለ ሲያስብ ማየት ግን የማይሰለች ነገር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ያስቁኛል። አምባገነንን አስቂኝ አድርጎ፣ ግን አስፈሪነቱን ሳይቀንሱ መጻፍ ከባድ ነው። ባላገሮቹን ሊያስገብሩ ዘምተው በአበጀ በለው እጅ የሚወድቁበትን ቦታ እንደገና ያንብቡት።

ሁለተኛው የእኛ መጽሐፍ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። እንድመለስበት ያደረገኝ እንግሊዝኛ ትርጉሙ በ2025 መውጣቱ ነው። የተረጎሙት ዴቪድ ዴጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ ናቸው። ወሬውን ስሰማ የአማርኛውን ከመደርደሪያ አወረድኩት። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ደርግ ኤርትራ ውስጥ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይወርዳል፣ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተብሏል። እኔ ዘንድሮ ያየሁት ፍጥነቱን ነው። አረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ንግግሩ እንደ ቴኒስ ኳስ ይመላለሳል። የስብሰባ ወሬ እንኳ አይሰለችም፣ ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ የመጨረሻዎቹን ገጾች ማንበብ ይከብዳል።

ጀምረው ያቋረጡት መጽሐፍ አለ? ስሙን ይንገሩን።

አለ፣ ብዙ። ስማቸውን አልናገርም። ደራሲ በደራሲ ላይ ሲነሳ አያምርም፣ ደግሞም ለእኔ ያልሆነው ላንቺ ይሆን ይሆናል። መጽሐፍ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ፈተና የለውም። በዓመት ይህን ያህል ጨረስኩ እያሉ የሚቆጥሩትን ሰዎች አልገባኝም። ምን ቀረህ ብትያቸው ቁጥሩን ነው የሚነግሩሽ።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ልብ ወለድ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። እውነት የሆነ ነገር ማንበብ ነው የምፈልገው። ምን ይላሉ?

ከልብ ወለድ ጋር አልጨቃጨቅህም። ለአንተ የሚሆን አለኝ። የጣልያናዊው ኬሚስት የፕሪሞ ሌቪ መጽሐፍ ነው፣ ርዕሱ «ፔሪዮዲክ ቴብል» ይባላል። አዎ፣ ያው ክፍልህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሠንጠረዥ። በ1975 ወጣ። 21 ምዕራፎች አሉት፣ እያንዳንዱ በአንድ ንጥረ ነገር ስም ተሰይሟል። በአርጎን ይጀምራል፣ በካርቦን ያበቃል። የለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በ2006 ባካሄደው ምርጫ ምርጡ የሳይንስ መጽሐፍ ተብሏል።

ሌቪ አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች ኦሽዊትዝ የተባለው የማጎሪያ ካምፕ አስገቡት። ኬሚስት በመሆኑ በላቦራቶሪ እንዲሠራ ተደረገ። «ሴሪየም» የሚለው ምዕራፍ ላይ ከላቦራቶሪው ምንነታቸውን የማያውቃቸው ትናንሽ ዘንጎች ይሰርቃል። ሲፍቃቸው ብልጭታ ይሰጣሉ። የሲጋራ መለኮሻ ድንጋይ የሚሠራበት ነገር መሆኑ ይገባዋል። ከጓደኛው ከአልቤርቶ ጋር ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንበው በልክ በልኩ እየፋቁ ያዘጋጁታል። ከዚያ በዳቦ ይለውጡታል። እዚህ ላይ ኬሚስትሪ ትምህርት አይደለም፣ እንጀራ ነው። ሌቪ ግን አይጮህም። የሙከራ ሪፖርት እንደሚጽፍ ሰው ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚተርከው። ማልቀሱን ለአንባቢው ትቶታል።

«ቫናዲየም» የሚለው ደግሞ ከማንኛውም ወንጀል ነክ ልብ ወለድ ይበልጣል። ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሌቪ የቀለም ፋብሪካ ኬሚስት ሆኗል። ከጀርመን የመጣ ጥሬ ዕቃ ችግር ያመጣና ከኩባንያው ጋር ይጻጻፋል። ከዚያ በኩል የሚጽፈው ሰው የአንድ ኬሚካል ስም ያሳስታል። ሌቪ ያንን ስህተት ያውቀዋል። የሰማው በኦሽዊትዝ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሰውየው ያ ሰውዬ ይሆን? ቀሪውን ራስህ አንብብ። የመጨረሻውን ምዕራፍ፣ «ካርቦን»ን ግን አትዝለል። አንዲት አተም ከድንጋይ ወጥታ በአየር፣ በቅጠል፣ በሰውነት ውስጥ ስትዞር ይከተላታል። የምታርፍበትን ቦታ ስታገኝ ልብ ወለድ ጊዜ ማባከን ነው ያልከውን እንደገና እንነጋገርበታለን።

ሥራና ልጅ ይዤ ወፍራም መጽሐፍ አይሆንልኝም። በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ካለ?

የኦስትሪያዊው የስቴፋን ዝቫይግ የቼዝ ታሪክ። ከአንድ ምሽት አያልፍሽም። ቼዝ አለማወቅሽም ችግር የለውም፣ እኔም የወታደሮቹን አካሄድ እንጂ ብዙ አላውቅም።

ከኒው ዮርክ ወደ ቦነስ አይረስ የሚሄድ መርከብ ላይ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ተሳፍሯል። ቼንቶቪች ይባላል። ከቼዝ ውጭ ምንም የማያውቅ፣ ኩራተኛ ሰው። አንድ ሀብታም ተሳፋሪ ክፍያውን ይችልና ተሳፋሪዎቹ ይገጥሙታል። ሊሸነፉ ሲሉ ከኋላቸው አንድ የማያውቁት ሰው ጣልቃ ገብቶ ያድናቸዋል። ይህ ሰው ማነው? የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ቪየና ውስጥ በሆቴል ክፍል ብቻውን ዘግቶበት የነበረ ሰው ነው። አይመቱትም። ዝም ብለው ባዶ ያደርጉታል። መጽሐፍ የለም፣ ወረቀት የለም፣ የሚያናግረው የለም። አንድ ቀን ከተሰቀለ ካፖርት ኪስ ውስጥ መጽሐፍ ይሰርቃል። ግጥም ወይም ታሪክ ይሆናል ብሎ ሲጓጓ የ150 የቼዝ ጨዋታዎች ስብስብ ሆኖ ያገኘዋል። መጀመሪያ ይናደዳል። ቀጥሎ መጽሐፉ ያድነዋል። ቀጥሎ ሊያሳብደው ይደርሳል።

ዝቫይግ ይህን የጻፈው ከናዚዎች ሸሽቶ ብራዚል ሳለ ነው። በየካቲት 1942 ከባለቤቱ ጋር ሕይወቱን አጠፋ። መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓይኔ ደክሟል። አሁን አሁን በድምፅ የተቀረጸ ነው የምሰማው። ይህ ማንበብ ይባላል?

እንዴታ! ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ስንት ሰው ነው መጽሐፉን በጆሮው ያነበበው። ወጋየሁ ሁሉንም ሰው ሆኗል፣ ፊታውራሪውንም ጉዱ ካሳንም። እኔ አሁን መጽሐፉን በዓይኔ ሳነብ እንኳ ጉዱ ካሳ የሚናገረው በእሱ ድምፅ ነው። ያዳምጡ። ተራኪው ካልጣመዎት ብቻ ሌላ ይፈልጉ፣ መጥፎ አንባቢ ጥሩ መጽሐፍ ያበላሻል።

ዘንድሮ ያሳዘነዎት የሥነ ጽሑፍ ዜና ምን ነበር?

የኬንያዊው ደራሲ የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ሞት። በግንቦት 2025 ነው ያረፈው። መርዶውን እንደሰማሁ «የመስቀሉ ላይ ዲያብሎስ» ብዬ የምጠራውን ልብ ወለዱን አውጥቼ ጀመርኩ። ንጉጊ በ1977 መጨረሻ ላይ በአንድ ትያትር ምክንያት ታሰረ። በኬንያው የካሚቲ ጥብቅ እስር ቤት ሆኖ ይህን ልብ ወለድ በኪኩዩ ቋንቋ ጻፈ። የጻፈው በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ነው። በ1980 ታተመ። ሌቦችና ዘራፊዎች ተሰብስበው ማን የበለጠ እንደሰረቀ ውድድር የሚያደርጉበት ትዕይንት አለው። እያንዳንዱ ተነስቶ ስርቆቱን በኩራት ይዘረዝራል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ከዚያ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ይህን ሳስብ ገጣሚውን ነቢይ መኮንንን አለማስታወስ አይቻልም። በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቼልን በ1936 የወጣ ግዙፍ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ነው፣ 3,000 ያህል ቁራጭ። ወረቀቶቹ እየተደበቁ ወጡ። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመው እሱ ነው። ነቢይ በ2024 አረፈ። ትርጉሙን ዘንድሮ እንደገና ገለጥኩት። ምን ያህል የተዝናና አማርኛ እንደሆነ ብታዩ! የተጨነቀ ሰው የጻፈው አይመስልም። አሁን እኔ ወንበሩ አልተመቸኝም ብዬ ጽሑፍ የማቆም ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ብዙ ባልናገር ይሻላል።

የኖቤል ተሸላሚ መጻሕፍት ሆን ብለው የሚከብዱ ይመስለኛል። የሚነበብ አለ?

የአብዱልራዛቅ ጉርናህን ሞክሪ። ዛንዚባር ተወልዶ እንግሊዝ ሀገር የኖረ ደራሲ ነው። ኖቤሉን በ2021 አገኘ። ዘንድሮ ያነበብኩለት በ2020 የወጣውን «አፍተርላይቭስ» ነው። ቋንቋው ለስላሳ ነው፣ ታሪኩ እንደ ወግ ይፈሳል። ጀርመኖች ምሥራቅ አፍሪካን ይዘው በነበረበት ዘመን ኢልያስ የሚባል ወጣት እህቱን አፊያን ፈልጎ ያገኛታል፣ ማንበብ መጻፍ ያስተምራታል። ከዚያ ለጀርመኖች ወታደር ሆኖ ዘምቶ ይጠፋል። መጽሐፉ እሱን ትቶ በሌሎች ሕይወት ላይ ይቀጥላል። ከዘመቻው ቆስሎ የተመለሰ ሐምዛ የሚባል ሰው አለ፣ እሱና አፊያ ቀስ ብለው ሲቀራረቡ የሚታይበት ክፍል በጣም ደስ ይላል። በጠቅላላው ግን «ኢልያስ የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከሥር አለ። መልሱ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ገጾች ነው፣ ደረቅ ባለ አነጋገር፣ ከመዝገብ የተገለበጠ ይመስል። ጉርናህ አንዲት ቅጽል አልጨመረበትም። መጽሐፉን አጥፌ የራሴን ረቂቅ አወጣሁና አንድ ሙሉ የለቅሶ ትዕይንት ሰረዝኩ።

ለሚቀጥለው ዓመት ምን ይዘዋል?

የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ»። አስቸጋሪ መጽሐፍ ነው ይባላል፣ ነውም። አንድ ጊዜ ወጣትነቴ ላይ አንብቤዋለሁ። አሁን በእርሳስ፣ ቀስ ብዬ ልገባበት ነው። ከዚያ ውጭ ዕቅድ የለኝም። መጽሐፍ መጽሐፍን ይጠራል።

ጋሼ፣ ለጓደኛዬ ጥሩ መጽሐፍ አውሼው አልመልስ ብሎኛል። እንዴት ላስመልሰው?

መጀመሪያ በግልጽ ጠይቀው። «አልጨረስኩትም» ካለህ የት እንደደረሰ ጠይቀው። የት እንደደረሰ ካላወቀ አልጀመረውም ማለት ነው፣ ዛሬውኑ ቤቱ ሂድ። ጨርሶታል ግን ወዶት መለየት አቅቶት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያኔ ከእሱ መደርደሪያ አንድ የምትወደውን መርጠህ ተዋሰው። እኔ «ፔድሮ ፓራሞ»ን ያገኘሁት እንደዚህ ነው፣ ባለቤቱ ይህን ካነበበ የእኔን ሁለት መጻሕፍት ይዞ ይምጣ።